የፓርቲ መዋጮ ጣሪያ በየዓመቱ ለምን ይነካካል? ነገሩን ከደሴ ሆነን ስንመለከተው

2018 ዓ.ም. በአገራችን የምርጫ ዓመት ነው። (ከዚህ በታች የእኛን ዓመቶች በኢትዮጵያ፣ የውጭ አገሮቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።) ስለ ፓርቲና ስለ ገንዘብ የሚወራው በዝቷል። ከውጭ የሚመጣው ዜናም በላዩ ላይ ይደባለቃል። ካናዳ በየፈረንጆች አዲስ ዓመት የፖለቲካ መዋጮ ጣሪያዋን ከፍ ታደርጋለች። ደቡብ አፍሪካ በ2025 እ.ኤ.አ. ጣሪያውን በእጥፍ አሳደገች። አውስትራሊያ ለፓርቲዎች በየድምፁ የምትከፍለውን ሳንቲም በየስድስት ወሩ ታስተካክላለች። ደሴ ፒያሳ ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰውም፣ ኮምቦልቻ ከፈረቃ የወጣ ሠራተኛም ይህን ስልኩ ላይ ያነባል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ጥያቄም አንድ ነው። ፖለቲከኞቹ ለራሳቸው ገንዘብ ጨመሩ ማለት ነው?

አንዳንዴ አዎ። ብዙ ጊዜ ግን አይደለም። ልዩነቱን ለማወቅ ስሌቱን ትንሽ ከፈት አድርጎ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለት የተለያዩ ኪሶች

ለፓርቲ ገንዘብ የሚገባባቸው ሁለት ዋና በሮች አሉ። አንደኛው ከሰው የሚመጣ ነው፤ የአባልነት መዋጮና ልገሳ። ሁለተኛው ከመንግሥት ካዝና፣ ማለትም ከግብር ከፋዩ የሚመጣ ድጋፍ ነው።

የመዋጮ ጣሪያ የሚባለው የመጀመሪያውን በር ይመለከታል። አንድ ሰው ለአንድ ፓርቲ ወይም ለአንድ ዕጩ ቢበዛ ይህን ያህል ይስጥ የሚል ገደብ ነው። ጣሪያው ከፍ ሲል ከመንግሥት ካዝና አንድም ሳንቲም አይወጣም። የሚለወጠው መስጠት የሚፈልገው ሰው መስጠት የሚችለው መጠን ነው። ጣሪያ ግዴታ ወይም ኮታ አይደለም። የካናዳ ጣሪያ 1,775 ዶላር ሆነ ማለት ሁሉም ሰው 1,775 ይሰጣል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው ሰው ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነው የሚሰጠው፣ ጭራሽ የማይሰጠውም ይበዛል።

ሌላ ሦስተኛ ቁጥርም አለ፣ ብዙ ጊዜ ከጣሪያው ጋር የሚምታታ። የይፋ ማድረጊያ ወለል እንበለው። ከዚህ በላይ የሰጠ ሰው ስሙ ለሕዝብ ይገለጽ የሚል መስመር ነው። ይህ ቁጥር ሲጨምር የሚጨምረው ገንዘቡ ሳይሆን ስሙ ሳይገለጽ የሚሰጠው ሰው ብዛት ነው። በኋላ እመለስበታለሁ፣ ምክንያቱም ከሦስቱ ቁጥሮች በጣም የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ቅሬው የሚያውቀው ነገር

በየዓመቱ ማስተካከል ለምን አስፈለገ? መልሱ የዋጋ ንረት ነው። ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም። ቅሬ ያለበት ሁሉ ያውቀዋል። (ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው።) ወርሃዊው መዋጮ ከዓመታት በፊት በተወሰነበት ብር ቢቆይ፣ አንድ ቀን ለቀስተኛ የሚበቃ ድንኳንና ንፍሮ አይሸፍንም። ማንም መዋጮውን አልቀነሰውም። ብሩ ነው የቀነሰው። ስለዚህ አባላቱ ተሰብስበው ከፍ ያደርጉታል፤ ሲያደርጉትም ቅሬው ሀብታም አይሆንም፣ ድሮ ይችለው የነበረውን ያህል መቻል ይቀጥላል እንጂ።

የፓርቲ መዋጮ ጣሪያም እንዲሁ ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በሰኔ 2013 ስድስተኛው አገራዊ ምርጫ ሲካሄድ አንድ ሊትር ቤንዚን 30 ብር አይሞላም ነበር። በ2018 ከ120 ብር አልፏል። ከደሴ ተነስቶ ወረኢሉ፣ ወይም በኩታበር አድርጎ ተንታ ድረስ ሞንታርቦ ጭኖ የሚሄድ ቅስቀሳ ርቀቱ ያው ነው። ዳገቱም ያው ነው። ነዳጁ ግን ከአራት እጥፍ በላይ ሆኗል። በ2013 የተወሰነ የብር ገደብ ዛሬም በዚያው ቁጥር ካለ፣ ሕጉ ሳይነካ የፓርቲው እግር ወደ ሩብ አጥሯል ማለት ነው፣ ቢያንስ በነዳጅ በኩል።

ቁጥሩ አልተነካም ማለት ነገሩ ባለበት ቆሟል ማለት አይደለም። ዋጋ በሚሮጥበት አገር የቆመ ቁጥር ወደ ኋላ የሚሄድ ቁጥር ነው። ስለዚህ አለማስተካከልም በራሱ ውሳኔ ነው፤ ማንም እጁን አውጥቶ ሳይመርጥ የሚወሰን ውሳኔ።

ሦስት ዓይነት ስሌት

ማስተካከያ ሲባል ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ስሌቱ ውስጥ ነው ነገሩ ያለው።

የካናዳው በጣም ቀላል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ጣሪያው 1,500 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ 25 ዶላር ይጨመራል፣ ንረቱ ከፍ ይበል ዝቅ ይበል። 2016 ላይ 1,525፣ 2020 ላይ 1,625፣ 2025 ላይ 1,750፣ 2026 ላይ 1,775። ማንም ፖለቲከኛ አይነካውም፣ ክርክርም የለም። ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ድክመቱ ደግሞ 25 ዶላር በ1,500 ላይ 1.7 በመቶ ገደማ ሲሆን በ1,750 ላይ 1.4 በመቶ ብቻ መሆኑ ነው። በ2022 የካናዳ የዋጋ ንረት 6.8 በመቶ ደርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ጣሪያው በቁጥር ከፍ አለ፣ በአቅም ግን ወረደ። ዜናው ጣሪያው ጨመረ ይላል። የገበያው ስሌት ቀነሰ ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

የአሜሪካው በዋጋ ኢንዴክስ የሚሄድ ነው። ኢንዴክስ የሚባለው የዕቃና የአገልግሎት ዋጋ በአማካይ ምን ያህል እንደተለወጠ የሚያሳይ መለኪያ ነው፤ እኛ ዘንድ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣው ዓይነት። አሜሪካ ውስጥ በ1970ዎቹ የአንድ ሰው ልገሳ ለአንድ ዕጩ በአንድ ምርጫ 1,000 ዶላር ላይ ተገደበ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ አልተነካም። በ2002 በወጣ ሕግ 2,000 ሆነና በየሁለት ዓመቱ ከንረቱ ጋር እንዲሄድ ተደረገ። ለ2025 እና 2026 ምርጫዎች 3,500 ዶላር ነው። የፓርቲ ውስጥ ማጣሪያውና ዋናው ምርጫ ለየብቻ ስለሚቆጠሩ አንድ ሰው በጠቅላላ 7,000 ሊሰጥ ይችላል። ልብ በሉ፣ ፖለቲካዊ ኮሚቴዎች ለዕጩ የሚሰጡት የ5,000 ዶላር ገደብ ግን ኢንዴክስ አልተደረገለትም፤ ያው እንደተቀመጠ ነው። አንዱ ይንቀሳቀሳል፣ አንዱ ቆሟል። በጊዜ ብዛት የሁለቱ ሚዛን ማንም ሳይወስን ይለወጣል።

ሦስተኛው የጀርመን ነው፤ ለእኔ በጣም የታሰበበት የሚመስለኝ እሱ ነው። እዚያ የግል ልገሳ ጣሪያ የለም፣ ትልቁ ቁጥር የመንግሥት ድጋፉ ጠቅላላ ድምር ነው። ይህ ድምር በየዓመቱ የሚስተካከለው በጥሬው የሸቀጥ ኢንዴክስ ብቻ አይደለም። ፓርቲ ምን ላይ ነው ገንዘብ የሚያወጣው ተብሎ የተሰራ ልዩ መለኪያ አለ፤ 70 በመቶው የሸማቾች ዋጋ፣ 30 በመቶው ደግሞ የደሞዝ ለውጥ ነው። ፓርቲ ሠራተኛ ስለሚቀጥር ማለት ነው። ይህን ወደ ደቡብ ወሎ ብናመጣው መለኪያው ውስጥ የሚገባው ጤፍና ዘይት ሳይሆን ነዳጅ፣ የባነር ኅትመት፣ የሞንታርቦና የመኪና ኪራይ፣ የአዳራሽ፣ የቀን አበል ይሆን ነበር። የነዳጁን አራት እጥፍ ስናስታውስ የትኛው መለኪያ ተመረጠ የሚለው ጥያቄ ትንሽ ጥያቄ አይደለም።

አንዱ ኪስ ሲሄድ ሌላው ሲቆም

የመንግሥት ድጋፍና የግል መዋጮ አብረው ካልተንቀሳቀሱ ምን ይመጣል? የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ጥሩ ማስተማሪያ ነው።

እዚያ ለፕሬዚዳንት ዕጩዎች የሚሰጥ የሕዝብ ገንዘብ አለ። ድጋፉ ከንረቱ ጋር ይጨምራል። በ2008 ጆን ማኬይን 84.1 ሚሊዮን ዶላር ወስደው ነበር። ገንዘቡን የወሰደ ዕጩ ግን ለዋናው ምርጫ የግል ልገሳ መሰብሰቡን መተው ነበረበት። ባራክ ኦባማ አልፈልግም ብለው ከሕዝቡ በቀጥታ በመቶ ሚሊዮኖች ሰበሰቡ። ከዚያ ወዲህ አንድም የትልልቆቹ ፓርቲዎች ዕጩ ለዋናው ምርጫ ያንን ድጋፍ አልወሰደም። ኢንዴክሱ ስህተት አልሰራም፣ በትክክል ከንረቱ ጋር ሄዷል። የምርጫ ወጪው ግን ከንረቱ በጣም በላይ ሮጠ። በዚያ ላይ ፈንዱ የሚሞላው ግብር ከፋዩ በግብር ቅጹ ላይ ምልክት እያደረገ በሚመድበው 3 ዶላር ነው፣ ይህ 3 ዶላር ደግሞ ከ1990ዎቹ ወዲህ አልተነካም። ወጪው ኢንዴክስ ተደርጎ ገቢው ካልተደረገ ጉድጓዱ ከሁለቱም በኩል ይሰፋል።

ካናዳ ደግሞ ከ2004 ጀምሮ ለፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ በዓመት 1.75 ዶላር ትከፍል ነበር። እሱም ከንረቱ ጋር ይጨምር ነበር። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ ድጋፉ ደረጃ በደረጃ ተቀነሰና በ2015 ጨርሶ ቀረ። ራሱን የሚያስተካክል ቀመር ከንረት ያድናል። ከፓርላማ አብላጫ ግን አያድንም።

ጎረቤታችን ኬንያ ሌላ መንገድ ሞክራለች። በ2011 ሕጓ የፓርቲዎች ፈንድ ብሔራዊ መንግሥቱ ከሚሰበስበው ገቢ ከ0.3 በመቶ ያላነሰ እንዲሆን ደነገገች። የገቢ መቶኛ ስለሆነ ገንዘቡ ሲረክስ ቁጥሩ ራሱ ያድጋል፣ ሌላ ስሌት አያስፈልገውም። በወረቀት ላይ በጣም ያምራል። ሆኖም ፓርቲዎች ገንዘብ ሚኒስቴሩ ሕጉ ያለውን ያህል አልለቀቀልንም ብለው ፍርድ ቤት ድረስ ሄደዋል።

ማስተካከያ ተብሎ ሌላ ነገር ሲሆን

የደቡብ አፍሪካው ዜና እዚህ ላይ ይመጣል። የፓርቲ ፋይናንስ ሕጋቸው በሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ሲውል አንድ ለጋሽ ለአንድ ፓርቲ በዓመት ከ15 ሚሊዮን ራንድ በላይ እንዳይሰጥ ይል ነበር። ከ100 ሺህ ራንድ በላይ የሆነ ደግሞ ይፋ ይደረግ ነበር። በ2025 ሁለቱም በእጥፍ ጨመሩ፤ 30 ሚሊዮንና 200 ሺህ ሆኑ። በነዚያ ዓመታት የደቡብ አፍሪካ ንረት በአማካይ 5 በመቶ አካባቢ ነበር። በአራት ዓመት ሲደመር ከ20 በመቶ ብዙም አይርቅም። መቶ በመቶ ጭማሪ ስለዚህ የንረት ማስተካከያ አይደለም፣ አዲስ ፖሊሲ ነው። ፓርቲዎቹ ምርጫ ውድ ሆኗል፣ ገንዘብ የለንም ይላሉ፣ ሊሆንም ይችላል። ግን በስሙ ይጠራ።

ብሪታንያ በተቃራኒው ዝም ብላ ቆይታ በአንድ ጊዜ ዘለለች። የፓርቲዎች የወጪ ገደብ በ2000 የተወሰነ ነበር፣ በአንድ የምርጫ ክልል 30 ሺህ ፓውንድ። በ2023 መጨረሻ ወደ 54 ሺህ አደገ። 80 በመቶ! ሲሰማ ያስደነግጣል። ሲሰላ ግን የሃያ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ንረት ነው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ቢጨመር ማንም አይደነግጥም ነበር፣ ማንም ፓርቲም ለራሱ አመቻቸ ተብሎ አይጠረጠርም ነበር።

ጀርመን ውስጥ ደግሞ ፍርድ ቤት ገባበት። በ2018 ፓርላማው የመንግሥት ድጋፉን ጣሪያ ከ165 ወደ 190 ሚሊዮን ዩሮ ከፍ አደረገ፣ ከመደበኛው ዓመታዊ ማስተካከያ ውጭ። የዲጂታል ሥራ ወጪ ጨምሯል የሚል ምክንያት ቀረበ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በጥር 2023 እ.ኤ.አ. ውሳኔውን ሻረው። ምክንያቱ ድጋፍ መጨመር ክልክል ስለሆነ አልነበረም፣ ለምን ያን ያህል እንዳስፈለገ በቂ ማስረጃ ስላልቀረበ ነው። እዚያ አንድ ሌላ ጥሩ ገደብም አለ። ፓርቲ ከመንግሥት የሚያገኘው ራሱ ከሰበሰበው ሊበልጥ አይችልም። ሕዝብ ያልደገፈውን ፓርቲ መንግሥት ብቻውን አይቀልበውም።

የይፋ ማድረጊያ ወለሉስ? አውስትራሊያ እሱንም ኢንዴክስ አድርጋው ነበር። ከ10 ሺህ ዶላር ተነስቶ በየሐምሌው (በፈረንጆቹ ጁላይ 1) እየጨመረ ለ2025 እና 2026 በጀት ዓመት 17,300 ደረሰ። ከዚያ በታች የሰጠ ሰው ስም አይወጣም። አሁን በ2025 በጸደቀ ሕግ ወደ 5,000 እንዲወርድ ተወስኗል። ትክክል ይመስለኛል። ጣሪያ ከንረት ጋር ቢሄድ ምክንያት አለው። ማን ሰጠ የሚለውን ማወቅ ግን የሚረክስ ነገር አይደለም፤ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ የሚሸፈንበት ምክንያት አይታየኝም።

የእኛ ሕግ የት ላይ ነው?

እኛ ዘንድ መሠረቱ በ2011 የወጣው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162 ነው። ፓርቲ ከአባላት መዋጮ፣ ከኢትዮጵያውያን ልገሳና ከመንግሥት ድጋፍ ይተዳደራል። ከውጭ ዜጋ፣ ከውጭ መንግሥት፣ ከሃይማኖት ተቋም፣ ከበጎ አድራጎት ድርጅትና ምንጩ ካልታወቀ ሰው መቀበል ክልክል ነው። ስለዚህ ዋሽንግተን የሚኖርና የአሜሪካ ፓስፖርት የያዘ የደሴ ልጅ፣ ቤተሰቡ ሆጤ ቢኖርም፣ በሕጉ ፊት የውጭ ዜጋ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

የመንግሥት ድጋፉን የሚያከፋፍለው ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። የዕጩዎች ብዛት ይታያል፣ የሴት ዕጩዎች ብዛትም ይታያል። ገንዘቡ ግን ከበጀት ይመጣል። በ2013 ከ40 በላይ ፓርቲዎችና ከ9 ሺህ በላይ ዕጩዎች ተወዳድረዋል። አንድ ድስት ለዚያ ሁሉ ሰው ይቆረሳል ማለት ነው። ድስቱ በብር ያው ከሆነና ብሩ ከረከሰ፣ ለአንድ ዕጩ የሚደርሰው ባነር ቁጥር ይቀንሳል።

ባለፉት ዓመታት ብሩ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በ2014 ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር የነበረው ዶላር በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ከእጥፍ አለፈ። የኅትመት ቀለም፣ ወረቀት፣ ድምፅ ማጉያ፣ የመኪና መለዋወጫ ሁሉም ከውጭ የሚመጣ ነው።

አይሱዙው

እስቲ አንድ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። የልገሳ ገደቡ 100 ሺህ ብር ነው እንበል። አንድ የኮምቦልቻ ነጋዴ ለሚደግፈው ፓርቲ ጥሬ ገንዘብ አይሰጥም፣ አይሱዙውን ለ20 ቀን ያውሰዋል። ይህ የዓይነት ልገሳ ይባላል፤ በብዙ አገር ሕግ በገበያ ዋጋ ተተምኖ እንደ ገንዘብ ይቆጠራል። የቀን ኪራዩ 4,000 ብር ከሆነ ልገሳው 80 ሺህ ነው። ሕጋዊ ነው። በሚቀጥለው ምርጫ ያው ነጋዴ፣ ያው መኪና፣ ያው 20 ቀን። የቀን ኪራዩ ግን 8,000 ሆኗል። ልገሳው 160 ሺህ ሆነ። ሰውየው አንድ ነገር ሳይጨምር ሕግ ተላላፊ ሆነ።

ከዚህ በኋላ ሰው ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ አይሰጥም፣ ወይ ሰጥቶ አይናገርም። አንደኛው ፓርቲውን ያደኸያል። ሁለተኛው ሒሳቡን ያበላሻል፤ ኦዲተሩ ፊት የሚቀርበው ደብተርና ሜዳ ላይ የሚታየው መኪና አይገናኙም። ያልተስተካከለ ጣሪያ ገንዘቡን አያስቀረውም፣ ይደብቀዋል። ጉዳቱም ለሁሉም እኩል አይደለም። ሥልጣን ላይ ያለ ፓርቲ፣ የትም አገር ቢሆን፣ መታየትና መሰማት በሌላ መንገድም ያገኛል። አዲስ ፓርቲ ያለው ያ አይሱዙ ብቻ ነው።

ተቃውሞውም ቀላል አይደለም

አሁን ኢንዴክስ ይደረግ ብሎ መጨረስ ይቻል ነበር። ግን በሌላ በኩል የሚነሳው ክርክር መልስ ይፈልጋል።

አንደኛ፣ የመምህሩና የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኛው ደሞዝ ከንረቱ ጋር በራሱ አይጨምርም። ታዲያ የፓርቲ ድጋፍ ለምን በራሱ ይጨምራል? ይህ ጥያቄ ልብ ይነካል፣ መንካትም አለበት። ለመንግሥት ድጋፉ ይህ ክርክር ከባድ ነው። ለልገሳ ጣሪያው ግን ያን ያህል አይሰራም፣ ምክንያቱም እዚያ ከግብር ከፋዩ የሚወጣ ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ሀብታም ብቻ ነው፣ ስለዚህ ማሳደግ ሀብታሙን መጥቀም ነው ይባላል። የካናዳዋ ኩቤክ ክፍለ ሀገር በዚህ አምና ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአንድ ሰው በዓመት 100 ዶላር ብቻ ፈቀደች፤ በምርጫ ዓመት ሌላ 100 ይታከላል። ኢንዴክስ የለውም። ጎዶሎውን የሚሞላው የመንግሥት ድጋፍ ነው። ይህ ሥርዓት የሚሰራው መንግሥት ድጋፉን ሳያቋርጥ በሰዓቱ ሲለቅ ነው። ያ እምነት በሌለበት ጣሪያውን ወደ መሬት ማውረድ ፓርቲዎችን የመንግሥት ተቀጣሪ ያደርጋቸዋል ብዬ እፈራለሁ።

ሦስተኛው ለእኛ በጣም የሚመለከተን ነው። ንረቱ 2 በመቶ በሆነበት አገር ኢንዴክስ ቀስ ያለ ነገር ነው። 30 በመቶ በሆነበት አገር ቁጥሩን በሦስት ዓመት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ያደርገዋል። ሰው ሳይለምደው ይቀየራል፣ የትኛው ገደብ አሁን እንደሚሰራ የወረዳ ፓርቲ ሒሳብ ያዥ እንኳ ይጠፋዋል። ስለዚህ ቀመሩ በተወሰነ መጠን ብቻ በራሱ ይሂድ፣ ከዚያ ካለፈ ቦርዱ ምክንያቱን በጽሑፍ ያስረዳ ቢባል የሚሻል ይመስለኛል። ጀርመኖቹን ፍርድ ቤት ያስቆማቸው እኮ ይህ ነው፣ ጭማሪው ሳይሆን ያልተብራራው ጭማሪ።

መቼ ይታወጅ?

የቀኑ ጉዳይ ትንሽ ይመስላል። የእኛ በጀት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ስለዚህ ማስተካከያውን ሐምሌ 1 ማድረግ ለሒሳብ ሠራተኛው ይመቻል። ስድስተኛው ምርጫ ግን የተካሄደው ሰኔ ላይ ነበር፣ በበጀት ዓመቱ ማለቂያ። ሐምሌ ላይ በወጣው ዋጋ የተሰላ ገደብ ቅስቀሳው በሚጦፍበት በግንቦት አሥር ወር አርጅቷል። ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ፣ ዕጩ ምዝገባ ሳይጠናቀቅ ቢወጣ ቁጥሩ ለገበያው የቀረበ ይሆናል። ፓርቲው ሸዋ በር ላይ ለቢሮ የሚከራየውን ቤትና የሚያሳትመውን ባነር በዚያ ልክ ያቅዳል። የመንግሥት ድጋፉም አብሮ ካልተለቀቀ ግን ስሌቱ ይፈርሳል። ጥር ላይ 50 ባነር ያሳትም የነበረ ገንዘብ ግንቦት ላይ ከደረሰ ያንን ያህል አያሳትምም፣ ባነሩም የሚሰቀለው ቅስቀሳው ሊዘጋ ሲል ነው።